አንዱ እንፋሎት አራት ጊዜ ሲሠራ

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። እሳት ላይ ከተጣደው እንስራ የሚነሣው እንፋሎት በሸምበቆው አልፎ ውሃ ውስጥ ወደ ተነከረው ማጠራቀሚያ ሲገባ ይቀዘቅዝና ጠብታ ይሆናል። የሚያቀዘቅዘው ውሃ ግን ብዙ ሳይቆይ እጅ የማያስነካ ትኩስ ይሆናል፤ ስለዚህ አረቄ አውጪዋ ያንን እየደፋች ቀዝቃዛ ትጨምራለች። እኛም በልጅነታችን አጠገቧ ተቀምጠን ይህን ሥራ ስናይ፣ የሚደፋው ውሃ እግራችንን እንዳይልጠን ከመሸሽ በቀር ሌላ አሳብ አልመጣልንም ነበር።

ያ የሚደፋ ሙቀት ከየት መጣ? ከማገዶው የመጣ ነው። እንፋሎቱ ተሸክሞት መጥቶ፣ ወደ ፈሳሽነቱ ሲመለስ ለውሃው አስረከበው። እንግዲህ ሴትዮዋ ማገዶውን በገንዘብ ትገዛና ሙቀቱን ከደጅ ትደፋዋለች ማለት ነው።

ለአንድ ጎጆ ይህ ኪሳራ የሚቈጠር አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ ብዙ ሺህ ኩንታል የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ እያፈላ ውሃውን የሚያተን ፋብሪካ እንደዚሁ ሙቀቱን ሁሉ ቢደፋ ኖሮ የማገዶው ወጪ ብቻ በሩን ባዘጋው ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ የሠራ ሙቀት ዳግመኛ ሊሠራ ይችላልን? ሦስተኛስ? አራተኛስ? ለዚህ ጥያቄ ከ180 ዓመት በፊት መልስ የሰጠው ኖርበር ሪልዩ የተባለ የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። አንባቢያችን ምናልባት ሻዩን በስኳር እየጠጣ ይህን ያነብ ይሆናል፤ ያ ስኳር በሪልዩ መሣሪያ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው ብንለው ከእውነት አንርቅም። (ስለ ውጭ አገር በምንናገርበት ጊዜ ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ስለ አገራችን ስንናገር ደግሞ እንደ ራሳችን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርታቸው ያገኙታልና ቢያልፉት ቅር አንሰኝም። 1 ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀው ሙቀት 80 ኪሎ ካሎሪ ነው። ያው ውሃ ከፈላ በኋላ ተንኖ እስኪያልቅ ግን 540 ኪሎ ካሎሪ ይፈጃል። ይኸውም ከማፍላቱ ይልቅ ማትነኑ 7 ጊዜ ያህል ይከብዳል ማለት ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ይህ ሁሉ ሙቀት ሲገባ ሙቀት መለኪያው ከ100 ዲግሪ ንቅንቅ አለማለቱ ነው። በ1760ዎቹ ዓመታት ነገሩን የመረመረው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆሴፍ ብላክ ይህን ሙቀት ስውር ሙቀት ብሎ ሰየመው። ስውር ይሁን እንጂ ጠፊ አይደለም። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ በሆነ ጊዜ ያንኑ 540 ኪሎ ካሎሪ ሳያጐድል ይመልሰዋል። የአረቄ አውጪዋን ውሃ የሚያተኩሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማወቅ የሚገባን ነገር ውሃ ሁልጊዜ በ100 ዲግሪ የማይፈላ መሆኑ ነው። በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። በደጋ አገር ሽምብራና ባቄላ እሺ ብሎ የማይበስለውም ውሃው ሳይተኩስ ስለሚፈላ ነው። ከተዘጋ ጋን ውስጥ አየሩን በፓምፕ እየመጠጥን ብናወጣው ደግሞ ከዚህም አልፎ በ60 ዲግሪና ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሃዋርድ በ1812 ገደማ ስኳርን እንዲህ ባለ አየር በተመጠጠበት ድስት ማብሰል ጀምሮ ነበር። የእርሱ አሳብ ስኳሩ እንዳያርና ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ነበር እንጂ እንፋሎቱንማ እርሱም ያባክነው ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለት ስውሩን ሙቀትና የመፍላቱን ዲግሪ፣ ያጋጠማቸው ሪልዩ ነው።

ኖርበር ሪልዩ በ1806 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጭ መሐንዲስ፣ እናቱ ነጻ የሆነች ጥቁር ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን በሉዊዚያና ከነጭና ከጥቁር የተወለደ ሰው ነጻ ቢሆንም እንኳ ከነጭ እኩል የሚታይበት ወግ አልነበረም። አባቱ ግን ልጁ ብሩህ አእምሮ ያለው መሆኑን አይቶ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ላከው። ሪልዩ ገና በ24 ዓመቱ በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል በተባለው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት የመካኒክ ትምህርት መምህር ሆነ፤ ስለ እንፋሎት ሞተርና ስለ እንፋሎት ቍጠባም ጽሑፎች አሳተመ። የኋላውን መሣሪያ አሳብ የጸነሰው ያን ጊዜ ነው ይባላል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ።

አሁን የዚያን ጊዜውን የሉዊዚያና የስኳር ሥራ እንመልከት። ጭማቂው የሚፈላው ክዳን በሌላቸው፣ በአንድ የጭስ መንገድ ላይ በተደረደሩ ትላልቅ የብረት ድስቶች ነበር። እሳቱ የሚነደው በአንድ ጫፍ ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ሌሊት ከቀን እየተፈራረቁ የሚንተከተከውን ጭማቂ እጀታው በረዘመ ጭልፋ ከትልቁ ድስት ወደ ትንሹ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ይገለብጡታል። በፍንጣሪው የሚቃጠለው ሰው ብዙ ነበር። ከጭማቂው የሚነሣው እንፋሎት ሁሉ በጣራው ወጥቶ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ የሚቈረጠው እንጨት ደግሞ በዙሪያው ያለውን ጫካ አስወገደው። የሚገኘው ስኳርም ብዙ ጊዜ ያረረና የጠቈረ ነበር። ሦስት ጥፋት በአንድ ድስት ማለት ይህ ነው።

ሪልዩ አሳቡን ሥራ ላይ ለማዋል ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሠመረለትም፤ ከ10 ዓመት በላይም ደከመ። በ1843 የመጀመሪያውን፣ በ1846 ሁለተኛውን የፈጠራ መብት አገኘ። በእነዚህ መካከል በ1845 ፊላዴልፊያ የሚገኘው ሜሪክና ታውን የተባለው ፋብሪካ የሠራው መሣሪያ ቴዎዶር ፓክውድ በተባለው ባለ እርሻ ሜርትል ግሮቭ ላይ ተተከለ፤ ሠራም። ከዚያ ወዲህ ባለ እርሻዎቹ ይሽቀዳደሙ ጀመር።

መሣሪያው እንዲህ ነው። የተዘጉ ጋኖች በተርታ ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ጋን ውስጥ ብዙ ቱቦዎች ስላሉ እንፋሎቱ በቱቦዎቹ አንድ ወገን፣ ጭማቂው በሌላው ወገን ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ከእሳቱ የሚመጣው እንፋሎት፣ እርሱም ሞተሩን ካዞረ በኋላ የወጣው ነው፣ የሚገባው ወደ መጀመሪያው ጋን ብቻ ነው። እዚያ ያለውን ጭማቂ ያፈላና ራሱ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ከጭማቂው የሚነሣው አዲስ እንፋሎት ግን ወደ ደጅ አይወጣም፤ በቧንቧ ወደ ሁለተኛው ጋን ይሄዳል። በሁለተኛው ጋን የአየሩ ግፊት ቀንሷልና ጭማቂው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ይህ በኋላ የመጣው እንፋሎት ሊያፈላው ይችላል። የዚህም እንፋሎት ወደ ሦስተኛው ይቀጥላል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይልቅ ግፊቱ ያነሰ ነው። ዛሬ አራት ጋን ባለው ፋብሪካ የመጀመሪያው በ110 ዲግሪ ገደማ፣ የመጨረሻው ከ60 ዲግሪ በታች ይፈላል። በሌላ አነጋገር፣ አረቄ አውጪዋ በቀዝቃዛው ውሃ ፈንታ ሌላ የጠላ ድፍድፍ አስቀምጣ፣ በዚያው በሚደፋው ሙቀት ሁለተኛ አረቄ እንደምታወጣ ያለ ነው። ድፍድፉ ባነሰ ሙቀት እንዲፈላ የሚያደርግ ፓምፕ ስለሌላት እንጂ አሳቡ ለእርስዋም ይሠራ ነበር።

ትርፉን በሒሳብ እንየው። 100 ኩንታል ጭማቂ አለን እንበል። በውስጡ ያለው ስኳርና ሌላው ጥጥር ነገር 15 ኩንታል ያህል፣ የቀረው ውሃ ነው። ይህን ከመቶ 60 እጅ ጥጥር ያለው ወፍራም ሽሮፕ ለማድረግ 75 ኩንታል ውሃ መትነን አለበት። በአንድ ጋን ብቻ ቢሆን 75 ኩንታል ያህል እንፋሎት ይጠይቃል። በሁለት ጋን 38፣ በሦስት 25፣ በአራት 19 ኩንታል ገደማ ይበቃል። በሥራ ላይ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፤ የሚያመልጥ ሙቀት መቼም አይጠፋም። የሪልዩ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ ጋኖቹ በቈጠሩት ልክ አንዱ እንፋሎት እየተመላለሰ ይሠራል።

«እንግዲያስ 10 ጋን፣ 20 ጋን ለምን አይተከልም?» የሚል ተማሪ መኖሩ አይቀርም፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። ቁጥሮቹን መለስ ብሎ ይመልከት። ሁለተኛው ጋን ያዳነው 37 ኩንታል ነው፤ ሦስተኛው 13፤ አራተኛው 6 ብቻ። አምስተኛው ቢጨመር 4 እንኳ አይሞላም። የጋኑ ዋጋ ግን አይቀንስም። ከዚህም ሌላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጋን ያለው የሙቀት ልዩነት ለሁሉም የሚከፋፈል ስለ ሆነ፣ ጋኑ በበዛ ቍጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ ባነሰም መጠን ቱቦዎቹ ሰፊ ገጽ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የጋኑ ብዛት በማገዶና በብረት ዋጋ መካከል የሚደረግ ድርድር ነው። ማገዶ ርካሽ በሆነበት አገር ሦስት ይበቃል የሚሉ ነበሩ፤ በተወደደበት አምስት ይተክላሉ።

ሪልዩ በሉዊዚያና ሀብትና ስም አገኘ፤ መሣሪያውን ሊተክል ወደ እርሻዎቹ ሲጠራ ግን ማደሪያ ችግር ነበር። ከነጭ እንግዶች ጋር አንድ ቤት ማደር አይፈቀድለትም፤ ከባሮቹ ጋር ማሳደርም ለባለ ሙያነቱ አልሆነም። ስለዚህ ለብቻው ቤት ይሰጡት ነበር ይባላል። ከደጋፊዎቹ አንዱ የነበረው ባለ እርሻ ጁዳ ቤንጃሚን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባርነት እንዲቀጥል የተዋጋው የደቡቡ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። መሣሪያው ጭልፋውን ከሰው እጅ አስጥሏል፤ ይህ የታወቀ ነው። የባለ እርሻዎቹን ትርፍ አበዛ እንጂ ባርነትን አላስቀረም፤ ባርነት የቀረው በ1865 በጦርነትና በሕግ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ከዚህ በላይ ለመሣሪያው ምስጋና ሲሰጡ አይተናል፤ እኛ ግን አልተስማማንም።

በ1850ዎቹ ዓመታት በነጻ ጥቁሮች ላይ የሚወጣው ደንብ እየጠበቀ ስለ ሄደ ሪልዩ አገሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። እዚያም ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። መሣሪያው በአውሮፓ የጥቁር ስም ተሰጥቶት ነበር። ከፊላዴልፊያው ፋብሪካ ሥዕሉ ተገልብጦ ወደ ጀርመን አገር ተወስዶ ኖሮ፣ የገለበጡት ሰዎች ቅርጹን እንጂ ምክንያቱን ሳይረዱ ሠሩትና አልሠራ አላቸው። ጥፋቱ የገልባጩ ሲሆን ወቀሳው ለፈጣሪው ሆነ። ሪልዩ ከዚህ በኋላ የስኳሩን ሥራ ትቶ ብዙ ዓመታት የጥንት ግብፃውያንን የሥዕል ጽሕፈት ሲያጠና ኖረ። በ75 ዓመቱ፣ በ1881፣ ተመልሶ ከጋኖቹ መካከል ጥቂት እንፋሎት እየተቀነሰ ቀዝቃዛውን የቀይ ሥር ጭማቂ አስቀድሞ እንዲያሞቅ የሚያደርግ ሥርዓት አወጣ። በ1894 በ88 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ። በ1934 ኒው ኦርሊንስ በሚገኘው የሉዊዚያና ሙዚየም የመታሰቢያ ጽሑፍ ተተከለለት፤ በ2002 ደግሞ የአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ሥራውን ከታላላቅ የኬሚስትሪ ሥራዎች መካከል መዘገበው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተሠርቶ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ ቀጥሎም ሸዋ፣ ከዚያም መተሐራ ተከተሉ። ወንጂና ሸዋ ከ50 ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ በእርጅና ተዘግተው በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል። ፊንጫ፣ ተንዳሆ፣ ከሰምና ሌሎቹም በኋላ የመጡ ናቸው።

ስኳር ፋብሪካ ከሌላው ፋብሪካ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ማገዶውን ይዞ ነው የሚመጣው። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ፣ ሠራተኞቹ ባጋስ የሚሉት፣ ወደ እንፋሎት ማፍያው ይገባል። 10 ኩንታል አገዳ 3 ኩንታል ገደማ ባጋስ ይሰጣል፤ ይህ ባጋስ ግማሹ እርጥበት ቢሆንም 6 ኩንታል ያህል እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ መጀመሪያ ተርባይን አዙሮ መብራት ያወጣና ከዚያ በኋላ ወደ ጋኖቹ ይሄዳል። አንድ የቆየ ፋብሪካ 10 ኩንታል አገዳ ለመሥራት 5 ኩንታል ወይም ከዚያ በላይ እንፋሎት ይፈጃል። በደንብ የተሠራ አዲስ ፋብሪካ ግን በ4 ኩንታልና ከዚያም ባነሰ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ 1 ኩንታል ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ለፋብሪካው የሚተርፈው ከ1 ወደ 2 ከፍ አለ ማለት ነው፤ እጥፍ ሆነ። ያ ትርፍ መብራት ሆኖ ይሸጣል፤ ወይም ባጋሱ ለካርቶንና ለጣውላ ሥራ ይውላል። ከአዲሶቹ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ለአገሪቱ የመብራት መስመር ትርፍ ኃይል እንዲሰጡ ታስበው የተሠሩት በዚህ ሒሳብ ነው። በአንጻሩ እንፋሎቱ የባከነበት ፋብሪካ ባጋሱ አልበቃ ብሎት እንጨት ወይም ናፍጣ ፍለጋ ይወጣል። ማገዶውን ይዞ የመጣ ሰው ማገዶ ሲለምን ማየት ያሳዝናል።

ብክነቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከትልቅ ጉድለት አይደለም። ጭማቂው የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ውስጣቸው እንደ ጀበና ቂጥ ዝቃጭ ይይዛል፤ ዝቃጩ ሙቀት አያሳልፍም፤ በጊዜው ካልተፋቀ አራቱ ጋኖች እንደ ሦስት፣ ከዚያም እንደ ሁለት ይሆናሉ። የእንፋሎቱ ቧንቧ ልባሱ ወልቆ ራቁቱን ሲቀር አካባቢውን ያሞቃል። ስቲም ትራፕ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ሥራው ውሃውን አሳልፎ እንፋሎቱን ማስቀረት ነው፤ ሲበላሽ ሁለቱንም ያሳልፋል፤ ማንም አያየውም። ከጋኑ የሚወርደው ትኩስ ንጹሕ ውሃ ወደ ማፍያው ካልተመለሰ በፈንታው ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። ወደ ማፍያው የሚገባው ውሃ በየ6 ዲግሪው ከፍ ባለ ቍጥር ከመቶ 1 እጅ ያህል ማገዶ ይድናል ይላሉ የሥራው አዋቂዎች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፋብሪካው መቆምና መነሣት ሲያበዛ ነው፤ የቀዘቀዘውን ሁሉ እንደ ገና ማሞቅ በማገዶ ላይ ማገዶ ነው።

ስሙን የማንጠራው አንድ ፋብሪካ በጎበኘንበት ጊዜ፣ ከአንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ነጭ እንፋሎት እያፏጨ ሲወጣ አየን። አጠገቡ የቆሙትን ሽበታም ሠራተኛ «አባባ፣ ይህ መቼ ነው የተበሳው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኧረ ልጄ፣ እሱማ እኔ ስቀጠርም ነበር» አሉን። ሳቅን። ወደ ቢሮ ገብተን ኃላፊውን በጠየቅን ጊዜ ግን ሳቃችን ቀረ። በዓመት የተመረተውን፣ የሠራተኛውን ቁጥር፣ የተሸጠውን ሁሉ ወረቀት ሳያዩ በቃላቸው ነገሩን። ለአንድ ኩንታል ምርት ስንት እንፋሎት እንደሚወጣ ስንጠይቃቸው ግን የእንፋሎት መለኪያው ከተበላሸ መቆየቱን ገለጡልን። እኒህ ሰው ሰነፍ አልነበሩም። ከበላያቸው ያለው መሥሪያ ቤትም ቢሆን ይህን ቁጥር በየወሩ የሚጠይቃቸው አይመስለንም፤ ያልተጠየቀ ቁጥር ደግሞ ማን ይለካዋል?

ስለ ስኳር ብቻ የምንናገር አይምሰል። በሲሚንቶ ፋብሪካ የሪልዩ አሳብ በሌላ መልክ ይገኛል። ድሮ የተፈጨው ድንጋይ በውሃ ተበጥብጦ ወደ እቶኑ ይገባ ነበርና ያንን ውሃ ለማትነን ብቻ ብዙ ነዳጅ ይቃጠል ነበር፤ 1 ኪሎ ክሊንከር 1,300 ኪሎ ካሎሪ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። አሁን ደረቁ ዱቄት ከላይ ሲወርድ ከእቶኑ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ከታች እየወጣ ያሞቀዋል፤ ወጪው ወደ 750 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ወርዷል። የሚወጣው የሚገባውን አሞቀ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከማቅለሚያው የሚደፋው ትኩስ ውሃ አዲሱን ውሃ ሊያሞቅ ይችላል። የታመቀ አየር በሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ደግሞ 3 ሚሊሜትር የምትሆን አንዲት ቀዳዳ 3 ኪሎዋት ያህል ኃይል ሌት ተቀን ስታፈስ ትኖራለች። ውሃ ወይም አየር የሚገፋ ሞተር ፍጥነቱ ከመቶ 20 እጅ ቢቀነስ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ብዙው ፋብሪካ ግን ሞተሩን በሙሉ ኃይል ያስሮጥና በሌላ በኩል ቫልቩን ይዘጋበታል። መኪናውን በነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደ መያዝ ነው።

አንዳንድ ወጣት ባለሥልጣኖች ይህን አሳብ ባነሣንባቸው ጊዜ «ውሃ ያለው አገር ስለ ኃይል ቍጠባ ምን አስጨነቀው? የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ አይደለም?» ብለውናል። እውነት ነው፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ኃይል እንዲሰጥ የተተከለ ነው፤ የአገሪቱም መብራት አብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው። ነገር ግን የፋብሪካው ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከመብራት መስመር አይመጣም። ሲሚንቶው እቶን ውስጥ የሚነደው ከሰል፣ ጨርቅ ፋብሪካው ማፍያ ሥር የሚቃጠለው ናፍጣ፣ ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከወደብ በከባድ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። በቀዳዳ የወጣው እንፋሎት ያ የውጭ ምንዛሪ ነው። በመብራት በኩልም ቢሆን ለአንድ ቀዳዳ የሚውለው ኃይል ገና መብራት ላልደረሰው ገጠር ይውል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ስለ ኃይል ቍጠባና ፋብሪካዎች የኃይል አጠቃቀማቸው ስለሚመረመርበት ነገር ደንግጓል። አዋጁ ጥሩ ነው። ነገር ግን አዋጅ ቱቦ አይፍቅም። መርማሪ ሆኖ ወደ ፋብሪካው የሚገባው ወጣት የተመረተውን ስኳር ከመቍጠሩ በፊት የእንፋሎት መለኪያው ይሠራ እንደ ሆነ ቢያይ፣ ቀጥሎም ከመጨረሻው ጋን የሚወርደውን ሽሮፕ ውፍረት ቢጠይቅ እንመክራለን። ሽሮፑ ቀጥኖ ከወረደ ጋኖቹ ያልጨረሱትን ውሃ ቀጥሎ ያለው የስኳር ማብሰያ ድስት ያተናል። ያ ድስት ደግሞ እንፋሎቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። በአራት ጋን የዳነው በአንድ ድስት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ በጕብኝታችንም ከሁሉ የተዘነጋ ሆኖ ያገኘነው ይህን ነው።

የመጨረሻው ጋን እንፋሎት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይደፋል። ከ60 ዲግሪ በታች ነውና ሌላ ጭማቂ ለማፍላት አቅም የለውም። ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበትና አብረው ለብ ያለ ውሃ ሆነው ወደ ማቀዝቀዣው ገንዳ ይሄዳሉ። በአንዳንድ አገር ጥሬው ጭማቂ ከአገዳው እንደ ተጨመቀ ቀዝቃዛ ሳለ በዚሁ በመጨረሻው እንፋሎት አጠገብ እንዲያልፍ አድርገው ከ30 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ያደርሱታል። እኛ በጎበኘነው ፋብሪካ ግን ከገንዳው ላይ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጉም ይነሣል፤ የሌሊቱ ተረኞችም ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት በዚያ ለብ ባለ ውሃ እጃቸውን ይታጠባሉ።